ግንቦት ላይ 18 ይሞላታል፤ ከዚያስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። 54 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ በሕይወት የለም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በአደራ የማሳድጋት ልጅ አለችኝ። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የተረከብኳት። እናት አባቷ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሞተዋል። ወረባቦ አንድ አጎት አላት። አሁን 12ኛ ክፍል ናት። ሰቃይ ባትባልም ሰነፍ አይደለችም። ግንቦት ላይ 18 ይሞላታል። በየወሩ ትንሽ ድጎማ የሚሰጠን ድርጅት ከዚያ በኋላ አቆማለሁ ብሏል። እሷ ደግሞ ሰሞኑን ‹ፈተናው ይቅርብኝ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ገብቼ ላግዝሽ› ትለኛለች። ባጃጅ የሚነዳው ልጄም ‹አይከብድሽም ወይ› ማለት ጀምሯል። ከ18 በኋላ በሕግ ምኗ ነኝ? ባታልፍስ? ዩኒቨርሲቲ ብትገባስ በምን አቅሜ? ላስገድዳት ወይስ ልተዋት? አደራ በላ መባል አልፈልግም።»

እናቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። አደራ በላ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም።

እኔ ደሴ ነኝ። በማኅበራዊ ሥራ ሙያ በአደራ ከሚያሳድጉ ቤተሰቦች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እርስዎ ያነሷቸው ጥያቄዎች በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ ከገንዘቡ ይጀምራል። እኔ ከፓርኩ ልጀምር።

«ፓርክ ገብቼ ላግዝሽ» ስትልዎት ትምህርት የጠላች መስሎዎት ይሆናል። እኔ የሚሰማኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ድጎማው እንደሚቆም ሰምታለች። በቤቱ ስንት እንደሚገባና ስንት እንደሚወጣ ታውቃለች። በሰው ቤት ያደጉ ልጆች ይህን ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ዘይት ሲያልቅ ማን እንደሚቃትት ያውቃሉ። እና ቁጭ ብላ ሒሳቡን ሠራች። ራሷን ከወጪ አውጥታ ገቢ ላይ ጻፈች።

ድርጅቱ ድጎማው እንደሚቆም ሲነግርዎት ልጅቷ የት ነበረች? አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ይመጣል፣ ቡና ይፈላለታል። ልጅቷ ስኒ እያጠበች ነው። «ያው እንግዲህ 18 ሲሞላት ፕሮግራሙ ይዘጋል» ይላል። ለእርስዎ የተነገረው ስለ ብር ነው። ስኒ የምታጥበው ልጅ የሰማችው ግን «18 ሲሞላሽ ትወጫለሽ» የሚል ነው። ማንም እንደዚያ አላላትም። እንደዚያ አይደለም ብሎ የነገራትም የለም።

ስለዚህ ከሕጉም ከገንዘቡም በፊት ዛሬ ማታ የሚነገር ነገር አለ። «ድጎማው ግንቦት ላይ ያልቃል። አንቺ ግን የትም አትሄጂም። ብታልፊም ባታልፊም ይህ አልጋ ያንቺ ነው።» በዚሁ ቃል ይንገሯት። «እናያለን»፣ «እሱ ያውቃል» ብለው አያንጠልጥሉት። የማይችሉትንም አይጨምሩበት፤ «እስከ ዶክተርነት አስተምርሻለሁ» አይበሉ። አልጋውን ብቻ። እሱን መስጠት ይችላሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ሰጥተዋታል።

አሁን ስለ ይሉኝታ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ከብር እጥረት ያላነሰ ልጅ ያስቀራል። የወለዱት ልጅ «እማ ብር ስጪኝ» ይላል። ቢከለከል ይነጫነጫል፣ ነገም ይጠይቃል። የአደራ ልጅ አንዴ ትጠይቃለች። ፊትዎ ትንሽ ከጠቆረ ሁለተኛ አትጠይቅም። አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶ አምጪ ተባለች። በዚያ ሳምንት አሳዳጊዋ ልጇ ታሞባት ሐኪም ቤት ትመላለሳለች። ልጅቷ የፎቶ ብር ለመጠየቅ አፈረች። ነገ እላታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላታለሁ ስትል ምዝገባው አለፈ። አሳዳጊዋ የሰማችው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቢሮዬ መጥታ ተቀመጠች። «ለፎቶ?» አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ትንሽ ዝም አለች። «ለፎቶ?» አለች ደግማ። ልጅቷ ዓመት ጠብቃ ነው የተፈተነችው።

ከዚያ ወዲህ ለአሳዳጊዎች ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ እስክትጠይቅ አይጠብቁ። በታወቀ ቀን፣ የታወቀ መጠን ይስጧት። ትንሽ ይሁን ግድ የለም። ቅዳሜ ከሆነ ሁልጊዜ ቅዳሜ ይሁን። ለሞዴስ፣ ለኮፒ፣ ለካርድ፣ ለፀጉር ቅባት የምታውለው የራሷ ነው። ምን አደረግሽበት አይበሏት። ያልተጠየቀ ብር እጇ ሲገባ የተጠየቀውን ለመጠየቅም አፏ ይፈታል።

ወደ ሕጉ ልለፍ፤ ይህ አጭር ነው። 18 ዓመት ሲሞላት አካለ መጠን የደረሰች ሰው ትሆናለች። ሞግዚትነትም አሳዳሪነትም በዚያ ያበቃል። ፊርማዋ፣ የባንክ ደብተሯ፣ የምትገባው ውል የራሷ ነው። ከእርስዎ ጋር መኖር ግን ማንም አይከለክላትም። ቤትዎ ነው፤ ለምን አኖርሻት ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም።

በሕግም ልጄ ትሁንልኝ ካሉ ጉዲፈቻ አለ። ሆኖም ቀኑን ይቁጠሩ። ጉዲፈቻ የሚደረገው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ነው፤ ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ውልም አይጸናም። ግንቦት ከገባ አልፏል ማለት ነው። «ጉዲፈቻ ታግዷል» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ እሰማለሁ። በ2010 ፓርላማው የከለከለው ለውጭ አገር ሰው መስጠትን ነው፤ የአገር ውስጡ እንዳለ ነው። ጉዲፈቻ የውርስ መብትም ስለሚያስከትል ባለ ባጃጁ ልጅዎ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው። ልጅቷም ትጠየቅ። በግሌ ለትምህርት ተብሎ ብቻ ወደዚያ መሮጥ አይታየኝም። ትምህርቷ ያለዚያም ይቀጥላል።

አጎትየው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ወላጆቿ ገበሬዎች ነበሩ ብለዋል። ገበሬ ከነበሩ የሚያርሱት መሬት ነበራቸው። አሁን ማን ነው የሚያርሰው? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ አሳዳጊዎች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ አስበውት አያውቁም። በክልላችን ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ የወላጆቹን የእርሻ መሬት የመጠቀም መብት ሊወርስ ይችላል። መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የይዞታ ደብተሩ ማን እጅ እንዳለ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል። 18 ሲሞላት በራሷ ስም ትጠይቃለች። ውርስ መጠየቂያ የጊዜ ገደብ ስላለው ለከርሞ አይባልም። በክስ አይጀምሩ። አጎት ነው፤ ምናልባትም እንዳይጠፋ ሲጠብቅላት ኖሮ ይሆናል። ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ ልጅቷን ይዘው፣ በገበያ ቀን ሄደው ቡና ይጠጡ። መሬቱ በእኩል ታርሶም ሆነ ተከራይቶ በዓመት የሚገኘው ነገር ለአንዲት ተማሪ የደብተርና የመንገድ ወጪ ይሸፍናል። ከሁሉም በላይ የራሷ ነው። ይሉኝታ የለበትም።

በዚህ ሥራ በጣም ያንገበገበኝ ነገር ቢኖር የስም ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ነበር፣ እዚሁ ደሴ። ትምህርት ቤት ሲገባ አሳዳጊው በራሱ ስም አስመዘገበው። በፍቅር ነው ያደረገው፤ ልጁ ከጓደኞቹ እንዳይለይ ብሎ። የ8ኛ ክፍል ካርዱ በአሳዳጊው ስም ወጣ። ኋላ የልደት ምስክር ወረቀት ሲወጣለት ደግሞ የሟች አባቱ ስም ተጻፈ። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ልጁ በወረቀት ሁለት ሰው ሆኖ ተገኘ። ስሙን ለማስተካከል ሦስታችን ሄድን። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «በየትኛው ይሁንልህ?» አለችው። ልጁ መልስ አልሰጠም። አሳዳጊው ወደ መስኮቱ ዞረ። ብዙ ቆይቶ የአባቱን ስም ተናገረ፤ እየተንቀጠቀጠ። ስንወጣ ሽማግሌውን «ተቀየምከኝ?» አለው። ሽማግሌው «ያኔ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ስለዚህ የልጅቷን ወረቀቶች በሙሉ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ የልደት ቀኗ፤ ፊደሉ ሳይቀር። «ሀ» እና «ሐ» እንኳ አንዳንዴ ያንከራትታል። ብሔራዊ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ፣ እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለደች ስለሆነች፣ ምስክር ወረቀቱ ገና አልወጣላት ይሆናል። የዘገየ ምዝገባ ቀበሌ ላይ ይቻላል። ፋይዳ መታወቂያም ካላወጣች ታውጣ፤ ዛሬ ያለ እሱ ባንክ ደብተር መክፈት እየቀረ ነው። የወላጆቿ የሞት ማስረጃ፣ እርስዎ የተረከቡበት ውል፣ የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ትራንስክሪፕት አንድ ላይ ይቀመጡ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ ታንሳና በራሷ ቴሌግራም ላይ ታስቀምጥ። «ኦሪጅናሉ እኮ ቢሮ አለ» ብለው አይተማመኑ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲገባብን ምን እንደነበረ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው አይረሳውም፤ ስንት ፋይል ነው ያኔ የጠፋው።

«ባታልፍስ?» ብለዋል። ይህን መጠየቅዎ ክፉ ምኞት አይደለም። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ማለትም በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተማሪ ዘጠና አንዱ ሃምሳን አልደፈነም። በሰፈር ወሬ ይህ ሁሉ ሕዝብ «ወደቀ» ይባላል። የሌላ ሰው ልጅ ወድቃ ቤቷ ትገባለች፣ ታለቅሳለች፣ ያልፋል። የአደራ ልጅ ደግሞ «በከንቱ አሳደጉኝ» ብላ ነው የምታስበው። ስለዚህ ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ አሁን፣ ሌሎቹን መንገዶች ስማቸውን ጠርታችሁ አውሩ።

አንደኛው ሪሚዲያል ነው። 50 ሳያመጡ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚቆርጠውን ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተጨማሪ ትምህርት ይወስዳሉ፣ ያለፉት ፍሬሽ ሆነው ይቀጥላሉ። ደክማ ከሆነ ያቃታት እንጂ ጨርሶ ካልጠፋባት ጥሩ ዕድል ነው። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም አለ፤ እሱን የምመክረው ግን ምን እንደጎደላት በትክክል ለምታውቅ ልጅ ብቻ ነው። «ዘንድሮ አጠናለሁ» ብሎ ቤት መቀመጥ ዓመቱን ይበላዋል።

ቴክኒክና ሙያን እንደ ቅጣት አያቅርቡባት። የእርስዎ ከተማ እኮ የፋብሪካ ከተማ ነው። ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ደጃችሁ ነው፤ ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን አለ፣ ስሙን የማያውቅ ወሎዬ የለም። መምህራን ኮሌጅና ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ደሴ ላይ አሉ። ማስታወቂያቸው ሲወጣ የምዝገባው ቀን አጭር ስለሆነ ውጤት በወጣ ሰሞን ስልክ እያነሱ መጠየቅ ነው። ሙያ ከመምረጧ በፊት አንድ ነገር ታድርግ። ኮሌጁ ግቢ ሄዳ በዚያ ሙያ የሚሠለጥኑ ሁለት ልጆች ታናግር። «ለትብብር ሥልጠና የት ላኳችሁ? ካቻምና ከጨረሱት ውስጥ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ስንቶቹ አለፉ? የት ገቡ?» ትበላቸው። ፋብሪካ ገብተው ማሽን የነኩ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ወርክሾፑን በመስኮት ያዩ ከሆነ ሌላ ነው። የሥልጠናው ስም አማላይ ስለሆነ ብቻ የገቡ ልጆች አሉኝ፤ ሲኦሲ ላይ ደርሰው መፍቻ መያዝ አፍረዋል።

ፓርኩን እኔ አልጠላውም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ከ2009 ሐምሌ ወዲህ ስንቷ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን ያየችው እዚያ ነው። ሥራ ነውር የለውም። ጥያቄው መቼ የሚለው ላይ ነው። አሁን፣ ፈተና ወራት ሲቀረው ከገባች፣ አትመለስም። የመጀመሪያ ደመወዝ ይጣፍጣል። ሁለተኛው ወር ላይ ጓደኞቿ ቤት ተከራይተን አብረን እንኑር ይሏታል። ሦስተኛው ወር ላይ ደመወዙ የቤት ኪራይ ሆኖ ያልቃል፤ ትምህርቱም ርቋል። ደግሞ እስከ ግንቦት ድረስ 18 ዓመት አይሞላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ጨርሶ ማሠራት ይከለክላል። ዕድሜ ጨምራ ልግባ ካለችዎት እሺ አይበሏት፤ ያ የተጨመረ ዕድሜ ነገ ከወረቀቶቿ ጋር ይጣላል።

ይልቅ ተደራደሯት። «ፈተናውን ተፈተኚ። ከተፈተንሽ በኋላ ውጤት እስኪመጣ ሥራ ልግባ ካልሽ ግቢ፤ እኔ ቤት እየተመላለስሽ። ብሩን በስምሽ አስቀምጪ፣ ለቤቱ አልፈልገውም።» ማገዝ ከፈለገች ለአንድ ነገር ብቻ ታግዝ፤ ለስኳር ይሁን፣ ለመብራት። ማገዝ ሰው ያደርጋታል፤ እሱንም ጨርሶ አይከልክሏት። ማስገደድ የሚባለውን ነገር ግን ይተዉት። 18 የሞላት ልጅ ተገድዳ ፈተና አዳራሽ ብትገባም ወረቀቱን ባዶውን ታስረክባለች።

ዩኒቨርሲቲ ብትገባ በምን አቅሜ ላሉት፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደሚፈሩት አይደለም። መግቢያ ላይ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማለች። ምግቡን፣ ዶርሙን፣ ትምህርቱን አሁን አትከፍልም፤ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ትከፍላለች። ዕዳ መሆኑን ግን ይንገሯት፤ ምን እንደፈረመች የማያውቁ ምሩቃን አጋጥመውኛል። ከኪስ የሚወጣው ሌላው ነው፦ የመንገድ፣ የብርድ ልብስና አንሶላ፣ የሳሙና፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ የስልክ ካርድ። ምርጫ ስትሞላ ቅርቡን ታስቀድም እላለሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂው ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። በእርግጥ ምደባ ነው፤ የፈለጉት ላይደርስ ይችላል። ደሴ ከደረሳት የሐረጎን ዳገት ወጥታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጋቢ ብቻ አይርሱ፣ የእኛ ብርድ የኮምቦልቻን ሰው አይምርም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ግቢ ገብተው ሲያቋርጡ ያየኋቸው የአደራ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ውጤት የጣላቸው አሉ። ብር የጣላቸውም አሉ። ብዙዎቹን የጣላቸው ክረምት ነው። ግቢው ይዘጋል፤ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል። «የት ነሽ አንቺ?» ይባላሉ። አንዷ ያሳደጋት ቤት ለመሄድ አፍራ፣ «አሁን እንግዳ ነኝ» ብላ፣ ሁለት ወር ከአንድ ጓደኛዋ ዘመድ ቤት በሠራተኛነት ቆየች። መስከረም ላይ ግቢ አልተመለሰችም። አሳዳጊዋ ያን ክረምት ሙሉ «ምነው ቀረች፣ ረሳችን» እያለች ታማት ነበር። ሁለቱም ተጠባበቁ። ሁለቱም ተከፉ። አንድ ስልክ ያልተደወለ ነው ነገሩ።

ለዚህ ነው አልጋው ላይ ድርቅ ያልኩት። ከመሄዷ በፊት የምትመለስበትን ቀን ቁርጥ አድርጉት፤ «ለመውሊድ»፣ «ለገና»፣ «ግቢ በተዘጋ ማግስት»። አልጋዋን ለጎረቤት ልጅ አይስጡባት፣ የእህል ጆንያም አይከመርበት። ስትመዘገብ ፎርሙ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የማን ስም እንደምትጽፍ እርስዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ አለዚያ እስክሪብቶዋን ይዛ ትቆማለች። ከቀበሌና ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወላጆቿ እንደሌሉ የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ትያዝ። ዩኒቨርሲቲዎች ችግር ያለባቸውን ሴት ተማሪዎች የሚያግዝ ክፍል አላቸው፤ ልጆቹ ጀንደር ኦፊስ ይሉታል። ደብዳቤውን ማሳየት አለማሳየት የእሷ ምርጫ ይሁን። አንዳንዷ ግቢ ስትገባ እንደማንኛውም ልጅ መታየት ትፈልጋለች። ያም መብቷ ነው።

ድርጅቱንም በባዶ እጅ አይሰናበቱት። «ስንት ጊዜ ረድታችሁናል፣ እግዜር ይስጥልን» ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «እስከ ምዝገባ ያለውን የመንገድና የልብስ ወጪ መዝጊያ አድርጋችሁ ብትሸፍኑልንስ?» የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆች 2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ልጁ ከእንክብካቤ ሲወጣ ቀድሞ መዘጋጀትና ከወጣም በኋላ መታገዝ እንዳለበት ይናገራል። ድርጅቶቹ ያውቁታል። በአሜሪካ በፈረንጆች 1999 የወጣ ሕግ በአደራ ያደጉ ወጣቶችን ከ18 በኋላም ማገዝን አጠናከረ፣ ኋላም ለኮሌጅ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ተጨመረላቸው። ይህን የምነግርዎት እንዲቀኑ ብዬ አይደለም። 18 ዓመት ሲሞላው አንድ ልጅ በአንድ ሌሊት ራሱን እንደማይችል እዚያም ዘግይተው ነው የገባቸው። ድርጅቱ እምቢ ካለ በቅሬያችሁ፣ በእድራችሁ ማለቴ ነው፣ ያንሱት። የቀብር ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለአንዲት የቅሬ ልጅ ሻንጣና ብርድ ልብስ የገዛ ቅሬ አውቃለሁ። ሻንጣው ላይ የሁሉም እጅ ነበረበት።

ባለ ባጃጁ ልጅዎስ? አይቆጡት። ምናልባት እሱ 12ኛን ሲጨርስ እንዲህ የተጨነቀለት ሰው አልነበረም። ለብቻው ይዘውት ቁጭ ይበሉና «አንተን ያኔ ምን ጎድሎህ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ አንድ ሥራ ይስጡት፤ የምዝገባ ቀን ግቢ ድረስ የሚወስዳት እሱ ይሁን። ወንድም ያላት ልጅ ሆና ግቢ መግባት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ የቀረ ነገር። ልጅቷ የቤቱ ቁልፍ አላት? አብዛኞቹ የአደራ ልጆች የላቸውም። ማንም ሆን ብሎ የከለከላቸው የለም፤ ሰው ሁልጊዜ ቤት ስላለ ማንም አላሰበበትም። ነገ ገበያ ሲወጡ ያስቀርጹላት። ስሟን በክር ያስሩበት፣ ማታ እራት ላይ ይስጧት፣ ያንን የአልጋውን ነገር ያኔ ይንገሯት። የፓርኩን ነገር እንደገና የሚጠይቋት ሳምንት ቆይተው ነው። መልሷ ያው ከሆነ ይጻፉልኝ፤ ሁለታችሁም ደሴ ውጡና ሦስታችን እናውራበታለን።